ከወረፋው ራስ እስከ ቺፑ ውስጥ፦ የኒክ ማኪዮን የምርምር ጉዞ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነው። ከሰውየው በፊት ግን አንድ ሌሊት ላስቀድም።

ኔትወርክ ሥራ ላይ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ የምሠራበት ቦታ አንድ ፕሮግራም ማታ ማታ ይንቀራፈፍ ነበር። ሁሌም አይደለም። ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሰርቨር ላይ የሚሠሩት ልጆች «ችግሩ ከኔትወርኩ ነው» አሉ። እኔ የስዊቹን፣ ማለትም ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ግራፍ ከፍቼ አየሁ። የአምስት ደቂቃ አማካይ፣ 30 በመቶ። መስመሩ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው ማለት ነው። ግን ፓኬት፣ መረጃ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ፣ ይጠፋል። የጠፉትን የሚቆጥረው ቁጥር ዓይኔ እያየ ይጨምራል። መቼ ሞላ? የትኛው ወረፋ ነው የሞላው? ማን ሞላው? ስዊቹ አይናገርም። አምራቹን ጠየቅን። «ያ መረጃ በዚህ ሞዴል አይወጣም፤ በሚቀጥለው እናስብበታለን» ተባልን።

ዕቃው የኛ ነው። ተገዝቷል፣ ተከፍሎበታል። ውስጡ የሚሆነውን የምናውቀው ግን ሠሪው ሊያሳየን የፈቀደውን ያህል ብቻ ነበር። ነገሩ ያኔ በጣም አንገብግቦኛል።

ዓመታት ቆይቼ የኒክ ማኪዮንን ጽሑፎች ተራ በተራ ማንበብ ስጀምር፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ያንን የኔን ሌሊት መሰለኝ። ሥራዎቹ ብዙ ናቸው። ርዕሳቸውም ይለያያል። እኔ ግን ከሥራቸው አንድ ጥያቄ ይታየኛል። ሰው ሁሉ «ከዚህ በላይ አይሄድም» ብሎ የተቀበለውን ገደብ ያነሳና ይጠይቃል፦ ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው ወይስ ልማድ? ከዚያ መልሱን በሂሳብ ያሳያል። በዚያም አያቆምም፤ ሠርቶ ያሳያል።

ማኪዮን እንግሊዛዊ ነው። ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ብሪስቶል በሚገኘው የሂውሌት ፓካርድ የምርምር ማዕከል ትንሽ ሠርቶ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። ዶክትሬቱን በርክሌይ በ1995 ጨረሰ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጠራው። በዚያው ዓመት ስታንፎርድ ማስተማር ጀመረ። ጊዜውን አስቡት። ዌብ ገና እየፈነዳ ነው። የኢንተርኔት ትራፊክ ከዓመት ዓመት እየተባዛ ነው። መሐል ላይ ቆመው ትራፊኩን የሚያሳልፉት ራውተሮች ግን መተንፈስ አቅቷቸዋል።

ለምን አቃታቸው? እዚህ ጋ ትንሽ ጊዜ ልውሰድ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ስዊች ወይም ራውተር ውስጡን ብትከፍቱት ሥራው ቀላል ይመስላል። በአንድ በኩል መግቢያዎች አሉ። በሌላ በኩል መውጫዎች አሉ። ፓኬት በአንዱ ይገባል፣ በሚገባው ይወጣል። ጣጣው ሁለት ፓኬቶች በአንድ ቅጽበት አንድ መውጫ ሲፈልጉ ነው። አንዱ መጠበቅ አለበት። የት ይጠብቅ?

መውጫው ጋ ይጠብቅ ካልን፣ ያ መውጫ ከሁሉም መግቢያዎች በአንድ ጊዜ የሚመጣውን መቀበል መቻል አለበት። 32 መግቢያ ካለ ሚሞሪው ከአንዱ መስመር 32 እጥፍ መፍጠን አለበት። ሚሞሪ ደግሞ ያን ያህል አይፈጥንም። በ10 ጊጋቢት መስመር ላይ ትንንሽ ፓኬቶች ተከታትለው ቢመጡ በየ67 ናኖሰከንዱ አንድ ይደርሳል። ርካሹና ሰፊው ሚሞሪ አንድን ቦታ ፈልጎ ለማንበብ ወይም ለመጻፍ 50 ናኖሰከንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ መስመር እንኳ ጭንቅ ነው። 32 እጥፍ የሚባለው አይታሰብም።

ስለዚህ መግቢያው ጋ ይጠብቅ። ጥሩ። ግን እዚያ ሌላ መዘዝ አለ። በአንድ መግቢያ ላይ አንድ ወረፋ ብቻ ካለ፣ የፊተኛው ካልሄደ የኋለኛው አይሄድም። አንድ መስመር ብቻ ባለው መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ የሚፈልግ መኪና ቆሟል እንበል። ከኋላው ያለው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ መንገዱም ባዶ ነው። ግን ታግቷል። በስዊች ውስጥም እንዲሁ ነው። ከወረፋው ራስ ላይ የቆመው ፓኬት መውጫው ስለተያዘ ይጠብቃል። ከጀርባው ያለው የሚሄድበት መውጫ ክፍት ሆኖ ሳለ አብሮ ይቆማል።

ይሄ ምን ያህል ያስከፍላል? በ1987 ካሮል፣ ህሉቺጅ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በሂሳብ አወጡት። ትራፊኩ ለሁሉም መውጫ እኩል የተበተነ ከሆነና ፖርቶቹ፣ ማለትም መግቢያና መውጫዎቹ፣ ብዙ ከሆኑ፣ እንዲህ ያለ ስዊች ከአቅሙ የሚጠቀመው 58.6 በመቶውን ብቻ ነው። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አቅም እንዲሁ ይባክናል። ቁጥሩ ሁለት ሲቀነስ የሁለት ስኩዌር ሩት ነው። እንደዚህ ንጹህ ሆኖ የወጣ ቁጥር ሰውን ያሳምናል። ብዙ መሐንዲሶች «መግቢያ ላይ ማሰለፍ አይሆንም» ብለው ደመደሙ።

ሂሳቡ ትክክል ነው። ግን የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት አሰላለፍ ነው። በየመግቢያው አንድ ወረፋ ብቻ ይኑር ያለው ማን ነው? ለእያንዳንዱ መውጫ የተለየ ወረፋ ቢሠራስ? ወደ ግራ የሚታጠፈው በራሱ መስመር ይቁም፣ ቀጥ የሚለው በራሱ። ሐሳቡ ከማኪዮን በፊትም ነበር። 32 ፖርት ካለ በጠቅላላው 1,024 ወረፋ ይሆናል። እነዚህ ወረፋዎች በሚሞሪ ውስጥ የአድራሻ ዝርዝር ናቸው እንጂ የተለዩ ዕቃዎች ስላልሆኑ ብዙም አያስወጡም። አንዱ ሌላውን ማገቱ በዚህ ይቀራል።

አሁን ጥያቄው ተቀየረ። በየቅጽበቱ የትኛው መግቢያ ከየትኛው መውጫ ጋር ይጣመር? አንድ መግቢያ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይልካል። አንድ መውጫም አንድ ብቻ ይቀበላል። ማኪዮን ከቬንካት አናንታራም እና ከዣን ዋልራንድ ጋር በ1996 ያሳየው ነገር ይሄ ነው፦ ሁልጊዜ ረዣዥም ወረፋዎችን እያስቀደማችሁ ምርጡን ጥምረት ከመረጣችሁ፣ ስዊቹ መቶ በመቶ ይሠራል። የትኛውም መውጫ ከአቅሙ በላይ እስካልተጫነና ፓኬቶቹ አንዳቸው ከሌላው ነጻ ሆነው እስከመጡ ድረስ፣ ወረፋው ያለ ልክ አያድግም። 58.6 ቀረ። ገደቡ የአሰላለፉ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ችግሩ ምርጡን ጥምረት ማስላት በናኖሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ለቺፕ የሚመች ቀለል ያለ ዘዴ ያስፈልጋል። በዲጂታል ኢኪዩፕመንት ኩባንያ ቶም አንደርሰን፣ ሱዛን ኦዊኪ፣ ጄምስ ሳክስ እና ቻርልስ ታከር አንድ ዘዴ ሠርተው ነበር። መግቢያዎች ይጠይቃሉ፣ መውጫዎች በዕጣ አንዱን ይመርጣሉ፣ መግቢያዎችም ከተመረጡላቸው አንዱን ይቀበላሉ። ቆንጆ ነው። ግን በአንድ ዙር 63 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ዕጣ የሚያወጣ ሃርድዌር መሥራትም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ማኪዮን ዕጣውን በተራ ተካው። ዘዴው አይስሊፕ ይባላል። እኔ ለተማሪ ሳስረዳ ሁሌ ወረቀትና እርሳስ አስይዛለሁ። እናንተም በሐሳባችሁ አራት መግቢያና አራት መውጫ ሣሉ። ሁሉም ለሁሉም የሚላክ ፓኬት አለው። እያንዳንዱ መውጫ «ቀጣዩ ተራ የማን ነው» የሚል ጠቋሚ አለው። መጀመሪያ ላይ የሁሉም መውጫዎች ጠቋሚ መግቢያ አንድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዙር። አራቱም መውጫዎች መግቢያ አንድን «ና» ይሉታል። እሱ መሄድ የሚችለው ወደ አንዱ ብቻ ነው፤ መውጫ አንድን ይቀበላል። ሦስቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። እስካሁን መጥፎ ነው። አሁን ሁሉም ጠቋሚዎች ወደ ሁለት ቢሄዱ ምን ይሆናል? በሚቀጥለው ዙር አራቱም መግቢያ ሁለትን ይጠራሉ። አሁንም አንድ ብቻ ይሄዳል። እንዲህ ተያይዘው አብረው ሲዞሩ ይኖራሉ። ሩብ አቅም።

አይስሊፕ የሚቀይረው አንዲት ነገር ነው። ጠቋሚው የሚራመደው ጥሪው ተቀባይነት ካገኘ ብቻ ነው። የተናቀው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የመውጫ አንድ ጠቋሚ ወደ ሁለት ሄደ፤ የሌሎቹ አንድ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ዙር መውጫ አንድ መግቢያ ሁለትን ይጠራል፤ ሌሎቹ መግቢያ አንድን። ሁለት ፓኬት ይሄዳል። በሦስተኛው ሦስት። በአራተኛው አራት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ከማንም ጋር አይጋጭም። ማንም አላስተባበራቸውም። እየተጋጩ ራሳቸው ተለያዩ።

ይሄን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ ስሠራው አራተኛው ዙር ላይ ስደርስ ተነሥቼ ቆምኩ። አንድ ሁኔታ ብቻ፣ «ከተቀበሉህ ተራመድ»፣ እና ስዊቹ ሙሉ ሆነ። ጠቋሚ በሃርድዌር ትንሽ ቆጣሪ ማለት ነው። ርካሽ ነው። ፈጣን ነው። ሲስኮ በ1997 ባወጣው 12000 የተባለ ራውተር ውስጥ የገባው የዚሁ ዘዴ ዝርያ ነው። ያ ራውተር በኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ዋና መስመር ላይ ለዓመታት ሠርቷል።

በስታንፎርድም ታይኒ ቴራ በሚል ስም ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ ጋር 32 ፖርት፣ እያንዳንዱ 10 ጊጋቢት በሰከንድ የሚሆን የስዊች እምብርት ነደፉ። በ1997 ይሄንኑ ሥራ ይዞ አብሪዚዮ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። ፒኤምሲ ሲየራ በ1999 በ400 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የገንዘቡን ነገር እዚሁ ልተወው። እኔን የሚገርመኝ ከማረጋገጫው እስከ ዕቃው ያለው ርቀት ማጠሩ ነው።

ቀጥሎ የነካው ነገር የሚሞሪው መጠን ነው። ለዚህ ክፍል ልዩ ፍቅር አለኝ።

ራውተር ውስጥ ምን ያህል ማጠራቀሚያ፣ ባፈር የምንለው፣ ይኑር? የቆየ ደንብ ነበር። መስመሩ በሰከንድ የሚያስተላልፈውን፣ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ በሚፈጀው ጊዜ አባዛው። ጊዜው በልማድ 250 ሚሊሰከንድ ተደርጎ ይወሰዳል። ለ10 ጊጋቢት መስመር 2.5 ጊጋቢት ሚሞሪ ይሆናል። ይሄን በቺፑ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ከውጭ የሚሞሪ ቺፖች መደርደር ነው፤ ቅድም ያልኳችሁን ቀርፋፋዎቹን። ቦርዱ ይሰፋል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዋጋው ይንራል።

ደንቡ ከየት መጣ? ከቲሲፒ ባሕርይ፤ ቲሲፒ በኢንተርኔት ላይ ላኪዎች ፍጥነታቸውን የሚመጥኑበት ሥርዓት ነው። ላኪው ፓኬት ሲጠፋበት ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል። ለጊዜው መላክ ያቆማል። በዚያች ፋታ መስመሩ ሥራ እንዳይፈታ የተጠራቀመው ፓኬት ይበቃው ዘንድ ነው ባፈሩ። ለአንድ ላኪ ደንቡ ልክ ነው። ግን በትልቅ መስመር ላይ አንድ ላኪ ብቻ የት አለ?

በ2004 ጊዶ አፐንዘለር፣ ይስሐቅ ከስላሲ እና ማኪዮን ያነሱት ይሄንን ነው። አንድ ሰው ሲያወራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው በየራሱ ሲያወራ ግን ከሩቅ የሚሰማችሁ ከፍ ዝቅ የማይል ጉምጉምታ ነው። የሺዎች ላኪዎች ድምርም እንደዚያ ነው። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ባፈር ለላኪዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ይካፈላል። 50,000 ግንኙነት የሚያልፍበት የ10 ጊጋቢት መስመር ከሆነ፣ የ50,000 ስኩዌር ሩት 224 ገደማ ነው። 2.5 ጊጋቢት ለ224 ሲካፈል ወደ 11 ሜጋቢት ይወርዳል። ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ያ መጠን ቺፑ ውስጥ ይገባል።

አያችሁ ምን እንደሆነ? የኔትወርክ ሰዎች የሚሞሪውን መጠን እንደ ተሰጠ ነገር ይቀበሉት ነበር። የሃርድዌር ሰዎች ደግሞ ከኔትወርክ ሰዎች የመጣውን ቁጥር እንደ ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር ሰው ሲመጣ ቁጥሩን መሐል ላይ ያዘው። ውጤቱ ክርክር አስነሥቷል፤ እስካሁንም ባፈር ምን ያህል ይሁን የሚለው ጥናት አልተዘጋም። ግን ከዚያ በኋላ «ልማዱ እንዲህ ነው» ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

አሁን ወደ ታዋቂው ሥራው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ስሙን የሰማችሁት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማርቲን ካሳዶ የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረው። የሚያስጨንቀው የኔትወርክ ደኅንነት ነው። በአንድ ተቋም ውስጥ ማን ከማን ጋር ይገናኝ የሚለውን ሕግ ለማስፈጸም፣ በመቶ ስዊች ላይ በመቶ ቦታ የተበተነ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። አንዱ ከተረሳ ቀዳዳ ነው። በ2007 ኢቴን የሚባል ሥርዓት አቀረቡ። ሕጉ በአንድ ቦታ ይጻፋል፤ አንድ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ያስፈጽመዋል፤ ስዊቾቹ የታዘዙትን ብቻ ይሠራሉ። በስታንፎርድ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ከ300 በሚበልጡ ማሽኖች ላይ ዘርግተው ተጠቀሙበት። ሰው በየቀኑ የሚሠራበት ኔትወርክ ላይ ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በ2008 ኦፕንፍሎው መጣ። ብልሃቱ የት ላይ እንዳለ ላሳያችሁ። አዲስ ስዊች ሠርታችሁ አምጡ ማለት ከባድ ነው። እነ ማኪዮን ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። በየአምራቹ ስዊች ውስጥ፣ ስሙ ይለያይ እንጂ፣ አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ አለ። «ፓኬቱ እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አድርገው» የሚል። እንግዲህ ሙሉውን ሳጥን ክፈቱ አላሉም። ያችን ሰንጠረዥ ከውጭ ለሚመጣ ፕሮግራም ክፈቱልን አሉ። ትንሽ ጥያቄ ናት። እምቢ ለማለት ታስቸግራለች። ከኋላዋ የመጣው ግን ትልቅ ነው።

ማኪዮን ነገሩን ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የኮምፒውተርን ታሪክ ነው። ድሮ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ሃርድዌሩም፣ ስርዓተ ክወናውም፣ ፕሮግራሙም ከአንድ ድርጅት ነበር የሚመጡት። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ለማንም የተከፈተ መግባቢያ ሲኖረው፣ አንዱ ቺፕ ይሠራል፣ ሌላው ስርዓተ ክወና፣ ሌላው አፕሊኬሽን። ኔትወርኩ ግን በ2000ዎቹም ገና የድሮው ዘመን ላይ ነበር። ሃርድዌሩን የሸጠው ነው በላዩ የሚሄደውን ሁሉ የሚወስነው።

ካሳዶ፣ ማኪዮን እና የበርክሌዩ ስኮት ሸንከር በ2007 ኒሲራን መሠረቱ። ቪኤምዌር በ2012 በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። አካሄዱ በ2009 ኤስዲኤን የሚል ስም አገኘ፤ በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ እንደማለት ነው። በ2011 ጉግል፣ ፌስቡክ፣ ማይክሮሶፍት፣ ያሁ፣ ቬራይዞን እና ዶይቸ ቴሌኮም ተባብረው አንድ ድርጅት አቋቋሙለት። እነዚህ የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጡ አይደሉም። የሚገዙ ናቸው። ይሄ ነጥብ እንዳያመልጣችሁ።

ጉግል በ2013 የዳታ ሴንተሮቹን የሚያገናኘውን ኔትወርኩን ይፋ አደረገ። በዚህ ዓይነት ረጅም መስመሮች ላይ የተለመደው አጠቃቀም ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ የተረፈው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የጉግል ብዙዎቹ መስመሮች ግን ወደ 100 በመቶ ተጠግተው ይሠሩ ነበር። ሁሉንም መስመር ከላይ የሚያይ ፕሮግራም አለና የቱ ትራፊክ ይቅደም፣ የቱ ይታገሥ የሚለውን ያውቃል።

ኦፕንፍሎው ራሱ በየቦታው አልገባም። ብዙ ድርጅቶች ሐሳቡን ወስደው በሌላ መንገድ ሠሩት። በኔ ግምት ይሄ ሥራውን አያሳንሰውም። ከዚያ በፊት የኔትወርክ ባለቤት «ይሄን ባሕርይ ጨምሩልን» ብሎ ይለምን ነበር። ከዚያ በኋላ የራሱን መሐንዲስ ቀጥሮ ይጽፋል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ብሄድ ይቆጨኛል። ኔትኤፍፒጂኤ። በስታንፎርድ የተሠራ የኔትወርክ ፖርቶች ያሉት ካርድ ነው፤ በላዩ ያለው ቺፕ እንደገና እንደገና ሊቀረጽ ይችላል። ተማሪ የራሱን ራውተር በሃርድዌር ይሠራበታል። «የኢንተርኔት ራውተር ሥራ» የሚል ኮርስም ነበራቸው። በአንድ የትምህርት ወቅት ውስጥ ተማሪዎች ሃርድዌሩንም ሶፍትዌሩንም ራሳቸው ጽፈው፣ የሠሩት ራውተር ከሌሎች ቡድኖች ራውተር ጋር እንዲግባባ ያደርጋሉ። ካርዱ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ተዳርሷል። ራውተርን ከመጽሐፍ ብቻ የተማርን ሰዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናውቀዋለን። ሳጥኑን ከውጭ ማየትና ራስህ የጻፍከው ነገር ፓኬት ሲያሳልፍ ማየት አንድ አይደለም።

እንቀጥል። ኦፕንፍሎው አንድ እንከን ነበረው። ሰንጠረዡ የሚያውቃቸው የፓኬት መስኮች፣ እንደ አድራሻ ያሉት ክፍሎች፣ የተወሰኑ ናቸው። በ2009 መጨረሻ 12 ነበሩ። በ2013 41 ደረሱ። አዲስ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ደንብ፣ በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ ይረዝማል። የበሽታው ምንጭ ታች ነው፣ ቺፑ ውስጥ። የስዊች ቺፕ የሚያውቀው ሲወለድ የተነገረውን ፕሮቶኮል ብቻ ነው። አዲስ ነገር ከፈለጋችሁ አዲስ ቺፕ እስኪሠራ ዓመታት ትጠብቃላችሁ። «በሚቀጥለው ሞዴል እናስብበታለን» ያሉን ሰዎች እንግዲህ አልዋሹንም ነበር።

ለምን በፕሮግራም የሚታዘዝ ቺፕ አይሠራም? ለዚህም የታወቀ መልስ ነበረ፦ በፕሮግራም የሚታዘዝ ቀርፋፋ ነው፤ አሥር እጥፍ፣ ከዚያም በላይ። እንደገና «ከዚህ በላይ አይሄድም» የሚል ቁጥር። እነ ማኪዮን ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲሶች ጋር፣ ፓት ቦስሃርት በመሪነት፣ ቁጭ ብለው ቺፑን ነደፉት። በ2013 አቀረቡት። 64 ፖርት በ10 ጊጋቢት፣ በድምሩ 640 ጊጋቢት በሰከንድ። ፓኬቱ 32 ደረጃዎችን እንደ ፋብሪካ መስመር ያልፋል፤ በየደረጃው የምን መስክ እንደሚታይና ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ፕሮግራም መሆን መቻሉ በቺፑ ስፋትም በኤሌክትሪክ ፍጆታም የጨመረው ከ15 በመቶ በታች ነው። አሥር እጥፍ የተባለው የት አለ?

ቺፕ ሲኖር ቋንቋ ያስፈልጋል። በ2014 ፒ4 የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ይዘው መጡ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የፕሪንስተኗ ጄኒፈር ሬክስፎርድ እና ጆርጅ ቫርጊስ አሉበት። በፒ4፣ ፓኬት ምን እንደሚመስል ለቺፑ ራስህ ትነግረዋለህ። ቺፑ የኢንተርኔቱን መሠረታዊ ፕሮቶኮል፣ አይፒን እንኳ፣ አስቀድሞ አያውቅም። ቤርፉት ኔትወርክስ የተባለው ኩባንያቸው በ2016 ቶፊኖን ይፋ አደረገ። 6.5 ቴራቢት በሰከንድ፤ በጊዜው ፕሮግራም ከማይደረጉት ትልልቅ ቺፖች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም።

ኢንቴል በ2019 ቤርፉትን ገዛ። ማኪዮንም በኋላ የኢንቴልን የኔትወርክ ክፍል መርቷል። በ2023 ግን ኢንቴል ቀጣዩን የቶፊኖ ትውልድ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። እኔን በጣም አሳዝኖኛል። በቶፊኖ ላይ ሥራቸውን የገነቡ ተመራማሪዎችን አውቃለሁ። ሐሳብ ዕቃ ሲለብስ ኃይል ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕጣው ከድርጅት ውሳኔ ጋር ይታሰራል። ቋንቋው ግን በሕይወት አለ። የተለያዩ አምራቾች የኔትወርክ ካርዶችና ስዊቾች ዛሬም በፒ4 ይጻፋሉ።

በ2021 ከዓለም አቀፉ የመሐንዲሶች ማኅበር፣ ከአይኢኢኢ፣ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ሜዳልያ ተሸልሟል። የሚገባው ነው።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እመለሳለሁ።

ፕሮግራም በሚደረጉ ቺፖች ላይ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ አንድ አለ። ፓኬቱ ራሱ ማስታወሻ ይዞ ይሄዳል። በየስዊቹ ሲያልፍ ስዊቹ በፓኬቱ ላይ ይጽፍበታል፦ የስዊቹን መለያ፣ የገባበትን ሰዓት፣ የወጣበትን ሰዓት፣ ሲደርስ ወረፋው ምን ያህል እንደነበረ። የመጨረሻው ስዊች ማስታወሻውን ይነቅልና ለሚመረምረው ያቀብላል። ማኪዮን ይሄን ሲያስረዳ ፓኬቱ አራት ጥያቄ ይመልሳል ይላል። በየት መጣሁ? በየትኛው ሕግ ተመራሁ? በየስዊቹ ለምን ያህል ጊዜ ተሰልፌ ቆየሁ? ወረፋውን ከማን ጋር ተጋራሁ?

የኛን ችግር ያገኘነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ እያጠፋን፣ እያበራን፣ በግምት። ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ሰዓት ተነሥተው ወደ አንድ ማሽን ባክአፕ ይልኩ ነበር። ሁሉም ወደ አንድ መውጫ። ወረፋው በጥቂት ሚሊሰከንድ ይሞላና ይፈሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ባዶ ይሆናል። በአምስት ደቂቃ አማካይ ላይ አይታይም። የባክአፑን ሰዓት አራራቅነው፤ ቆመ።

አራተኛዋን ጥያቄ አስተውሏት። ወረፋውን ከማን ጋር ተጋራሁ። ያን ሌሊት ከታገቱት ፓኬቶች አንዱ ይሄን ማስታወሻ ይዞ ቢደርሰን፣ ባክአፑን ገና ጎሕ ሳይቀድ እናገኘው ነበር።